ደብረ ብርሃን ሆኖ ኤሲሲኤ መማር ይቻላል? ከየትኛው ፔፐር ልጀምር?

ጠባሴ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። አንድ የግል ፋብሪካ ሂሳብ ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። በአካውንቲንግ የመጀመሪያ ዲግሪ አለኝ። ኤሲሲኤ (የእንግሊዙ ማኅበር የሚሰጠውን ዓለም አቀፍ የአካውንታንትነት የሙያ ማረጋገጫ) ልጀምር ካልኩ ቆየሁ፤ ግን እስካሁን ከማሰብ አላለፍኩም። መሥሪያ ቤቴ ውስጥ የተማረው ሰው የለም። አለቃዬን ባማክረው «አዲስ አበባ ካልገባሽ አይሞከርም» አለኝ። ሥራዬን ትቼ አዲስ አበባ ቤት የምከራይበት አቅም ደግሞ የለኝም።

ዲግሪ ላለው ሰው የሚቀነስ ፔፐር (ፈተና) አለ ይባላል። ልቀበለው ወይስ ሁሉንም ልፈተን? ከየትኛው ብጀምር ይሻላል? ከሥራ በኋላ ማታ ማታ ብቻ አንብቦ የሚያልፍ ሰውስ አለ? ሌላው ያስጨነቀኝ የሥራ ልምድ ነው። ቻርተርድ አካውንታንት (የሙያ ማኅበር አባል የሆነ) መፈረም አለበት ሲባል ሰምቻለሁ። ፋብሪካችን ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው የለም። የምታውቁ እስቲ ንገሩኝ።

በሬሳ

እህቴ፣ እኔም እዚሁ ደብረ ብርሃን ባንክ ነው የምሠራው። መካከለኛው ደረጃ ላይ ነኝ። አለቃሽን በሌላው ስሚው፣ በዚህ ግን አትስሚው።

ጠቅላላው 13 ፈተና ነው። መነሻዎቹ ሦስት ናቸው፦ ቢ ቲ (ቢዝነስና ቴክኖሎጂ)፣ ኤም ኤ (የማኔጅመንት ሂሳብ) እና ኤፍ ኤ (የፋይናንስ ሂሳብ)። መካከለኛው ደረጃ ስድስት አለው፦ ኤል ደብሊው (ሕግ)፣ ፒ ኤም (የአፈጻጸም አስተዳደር)፣ ቲ ኤክስ (ግብር)፣ ኤፍ አር (የፋይናንስ ሪፖርት)፣ ኤ ኤ (ኦዲት) እና ኤፍ ኤም (የፋይናንስ አስተዳደር)። መጨረሻ ላይ አራት ነው። ኤስ ቢ ኤል (ስትራቴጂያዊ የቢዝነስ አመራር) እና ኤስ ቢ አር (ስትራቴጂያዊ የቢዝነስ ሪፖርት) ግዴታ ናቸው፤ ከአራት አማራጮች ደግሞ ሁለት ትመርጫለሽ። ማለፊያው በሁሉም 50 ነው። 50 ስትሰሚ ቀላል እንዳይመስልሽ፤ ሰው የሚወድቀው 44 እና 47 እያመጣ ነው።

ቅነሳው በተማርሽበት ዩኒቨርሲቲና በዲግሪሽ ይወሰናል። ድረ ገጻቸው ላይ ማስያ አለ። መጀመሪያ እዚያ ገብተሽ እዪው። ደግሞ ነፃ አይደለም፤ ለተቀነሰልሽ ለእያንዳንዱ ፔፐር ይከፈላል። የቀረበልሽን ሁሉ ተቀበዪ የሚል ግዴታም የለም።

የእኔ ምክር ቢ ቲ እና ኤም ኤን ተቀበዪ፣ ኤፍ ኤን ግን ተፈተኚ ነው። ብዙዎቻችን ዩኒቨርሲቲ የተማርነው በአሜሪካ መጽሐፍ ነው። ኤሲሲኤ ደግሞ በአይኤፍአርኤስ (በዓለም አቀፉ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃዎች) ነው የሚሄደው። የሪፖርቱ አቀማመጥ፣ ቃሉ፣ የአጠያየቁ ጠባይ ሁሉ ይለያል። ኤፍ ኤ ላይ ካልተላመድሽው ኤፍ አር ላይ ያንገላታሻል።

ላምበረት

የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ፤ አሁን አዲስ አበባ ኦዲት ድርጅት ውስጥ ነው ያለሁት። በሬሳ ያልከው የኤፍ ኤ ነገር አልተዋጠልኝም። የመነሻውን መጽሐፍ አንብቢ፣ ጥያቄዎቹን ሥሪ፤ ይህን ለማድረግ የግድ መፈተን አያስፈልግም። በሥራ ላይ ላለ ሰው ከገንዘቡ ይልቅ ውድ የሆነው ጊዜው ነው። ቅነሳውን ወስደሽ ያተረፍሽውን ጊዜ ኤፍ አር ላይ አፍስሺው።

ወደ ሥራ ልምዱ ልምጣ፤ ብዙ ሰው ያለ ምክንያት ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ጋ ነው። የሚፈለገው 36 ወር ነው። ከፈተናው በፊት የሠራሽውም፣ እየተፈተንሽ የምትሠሪውም፣ ከጨረስሽ በኋላ ያለውም ይቆጠራል። ሥራው ግን ከሂሳብ፣ ከፋይናንስ ወይም ከኦዲት ጋር የተያያዘ መሆን አለበት። ከዚያ ዘጠኝ የሥራ ዓላማዎችን ታሟያለሽ፤ አምስቱ ለሁሉም አንድ ናቸው፣ አራቱን አንቺ ትመርጫለሽ። ለእያንዳንዱ ምን እንደሠራሽ በራስሽ ቃል ትጽፊያለሽ።

የቆየሽበትን ጊዜ አለቃሽ ሊያረጋግጥልሽ ይችላል፤ ቻርተርድ መሆን የለበትም። ዘጠኙን ዓላማዎች የሚፈርመው ግን የታወቀ የሙያ ማኅበር አባል የሆነ አካውንታንት ነው። ፋብሪካችሁ ውስጥ ከሌለ፣ ሥራሽን በደንብ የሚያውቅ የውጭ ኦዲተር ወይም አማካሪ መፈረም ይችላል። በየዓመቱ ሊመረምሯችሁ የሚመጡት ሰዎች አሉ አይደል? በሚቀጥለው ሲመጡ ቡና ጋብዢና ጠይቂ። ቀልዴን አይደለም።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። ኤሲሲኤ መጨረስና ኦዲት የመፈረም ፈቃድ ማግኘት አንድ አይደሉም። እዚህ አገር በራስሽ ስም የኦዲት ሪፖርት ለማውጣት ከኢትዮጵያ የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ፈቃድ ያስፈልግሻል። መሠረቱ የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ቁጥር 847/2006 ነው። አይኤፍአርኤስን አስገዳጅ ያደረገውም ይኸው አዋጅ ነው። የፋብሪካሽን ሂሳብ ለማዘጋጀት ግን ፈቃድ አያሻሽም። የት መድረስ እንደምትፈልጊ ከአሁኑ ብታስቢ ጥሩ ነው፤ የመጨረሻዎቹን ሁለት ምርጫዎች የሚወስነው እሱ ነው። ኦዲት ካሰብሽ ከአራቱ አማራጮች አንዱ የሆነውን የላቀ ኦዲት (ኤ ኤ ኤ) አትዝለዪው።

መሐል ሜዳ

እኔ የወረዳ ፋይናንስ ባለሙያ ነኝ፣ ከመንዝ። ስለ ወቅቱ ማንም ስላላነሳው እኔ ላንሳው። ለሠራተኛ ሰው ከፔፐሩ በፊት ይህ ነው የሚቀድመው።

የመካከለኛውና የመጨረሻው ደረጃ ፈተናዎች በዓመት አራት ጊዜ ይሰጣሉ፤ በፈረንጆቹ ማርች፣ ጁን፣ ሴፕቴምበር እና ዲሴምበር። የሚውሉት በወሩ የመጀመሪያ ሳምንት ነው። ስለዚህ የሴፕቴምበሩ በእኛ ነሐሴ መጨረሻ ነው። መስከረም መስሎት ተዝናንቶ የቆየ ሰው አውቃለሁ። የዲሴምበሩ ኅዳር መጨረሻ፣ የማርቹ የካቲት መጨረሻ፣ የጁኑ ግንቦት መጨረሻ ላይ ይውላል።

አሁን ከሥራሽ ጋር አስተያዪው። ሰኔ 30 በጀት ዓመት ይዘጋል። ከሰኔ አጋማሽ ጀምሮ ቆጠራው፣ ማስታረቁ፣ የኦዲተር ጥያቄው ይከተላል። ፋብሪካችሁ ደረጃ «ሀ» ግብር ከፋይ ከሆነ የትርፍ ግብሩ እስከ ጥቅምት 30 ነው። በነዚህ ወራት ማታ እቤት ገብተሽ ኮንሶሊዴሽን (የእናትና የልጅ ድርጅቶችን ሂሳብ ማዋሃድ) ልሥራ ብትዪ ዓይንሽ አይገለጥም። የነሐሴውን እርሺው። የኅዳሩም ቢሆን ከጥቅምት 30 በኋላ ሦስት ሳምንት ገደማ ነው የሚተርፍሽ።

የሚያዋጣሽ የየካቲቱና የግንቦቱ ነው። ከኅዳር እስከ የካቲት ለሂሳብ ሠራተኛ ረጋ ያለ ጊዜ ነው። ልደትና ጥምቀት መሐል ላይ ይገባሉ፣ እሱ ይታለፋል። የደብረ ብርሃን የታኅሣሥ ብርድ ግን እንደምታውቂው ነው፤ ማታ ጋቢ ደርበሽ ከመታገል አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተነሥተሽ ብታነቢ... እሱም ብርድ ነው ለካ። ብቻ የሚስማማሽን ምረጪ።

ሦስቱ መነሻዎችና ኤል ደብሊው ደግሞ ወቅት አይጠብቁም። ማዕከሉ ክፍት በሆነበት ቀን አስመዝግበሽ ትፈተኛለሽ፤ ውጤቱንም ወዲያው ታያለሽ። ኤል ደብሊውን የሥራ ጫና ባለበት ወቅት ቀስ እያልሽ ብታነቢው ይሆናል፤ ስሌት የለበትም።

አርማኒያ

የፈተና አሠራር ላይ ልጨምር። ማንበብ ብቻውን አያሳልፍም። ፈተናው በኮምፒውተር ነው፤ ረጅሞቹን ጥያቄዎች የምትመልሺው ስፕሬድሺት ላይና መጻፊያ ገጽ ላይ ነው። ኤሲሲኤ ራሱ በነፃ የሚሰጠው የልምምድ መድረክ አለ፣ መልኩ ከፈተናው ጋር አንድ ነው። ኢንተርኔት በሚሻልበት ሰዓት እዚያ ገብተሽ ሥሪ። ለትምህርቱ ኦፕን ቱዊሽን የሚባል ነፃ ድረ ገጽ አለ፤ ቪዲዮና ማስታወሻ ይሰጣል። የጥያቄ መለማመጃ መጽሐፍ ግን ገዝተሽ ያዢ። የካፕላንም የቢፒፒም ይሆናል። አሮጌ እትም ርካሽ ነው ብለሽ አትግዢ፣ የትምህርቱ ይዘት እየተቀየረ ነው።

ኤፍ አር ሦስት ሰዓት ነው፣ ከ100። ለአንድ ነጥብ 1.8 ደቂቃ ይደርስሻል። ባለ 20 ነጥብ ጥያቄ 36 ደቂቃ አለው። 36 ደቂቃ ሲሞላ ባይጠናቀቅም ትተሽ ሂጂ። ሪፖርቱ አልመጣጠን ብሎሽ ልዩነቱን ፍለጋ መግባት ትልቁ ወጥመድ ነው፤ እኛ ሂሳብ ሠራተኞች ደግሞ ሳናመጣጥን መነሣት አንችልበትም። በስህተት ነጥብ አይቀነስም፤ ስለዚህ የምርጫ ጥያቄ ባዶ አትተዪ።

ኤ ኤ ላይ ደግሞ የምታውቂውን ሥራ ተጠቀሚበት። አንድ ድርጅት ይሰጥሽና የቁጥጥሩን ጉድለት አውጪ ትባያለሽ። «የሥራ ክፍፍል የለም» ብለሽ ብትሄጂ ነጥቡ ይቀርብሻል። ግምጃ ቤቱን አስቢ። ዕቃ የሚረከበው፣ ሞዴል 19 (የዕቃ መረከቢያ ደረሰኝ) የሚቆርጠው፣ ቢን ካርድ (የክምችት መዝገብ ካርድ) የሚመዘግበውና ዓመቱ ሲዘጋ የሚቆጥረው አንድ ሰው ነው እንበል። ጉድለቱን ጻፊ። ከዚያ ምን ያስከትላል? ዕቃ ወጥቶ መዝገቡ በቆጠራው ልክ ሊስተካከል ይችላል፤ ማንም አያውቅም። ከዚያ መፍትሔው፦ ቆጠራውን ከግምጃ ቤቱ ውጪ ያለ ሰው ያድርግ፣ ልዩነቱን የሂሳብ ክፍሉ ይመርምር። ሦስቱም ካልተጻፉ ሙሉ ነጥብ የለም።

ጠባሴ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይህን ያህል መልስ አልጠበቅኩም። የውጭ ኦዲተሮቹን ነገር በጭራሽ አላሰብኩትም ነበር።

ኤፍ አርን እስቲ ልቅመሰው ብዬ አንድ የኮንሶሊዴሽን ጥያቄ ሞከርኩ። እናት ድርጅቱ ለልጅ ድርጅቱ በ240,000 ዕቃ ሸጧል፤ የሸጠው በወጪው ላይ 20 በመቶ ትርፍ ጨምሮ ነው። ግማሹ ዕቃ ልጅ ድርጅቱ ዘንድ አልተሸጠም። እኔ 24,000 ይቀነሳል አልኩ። መልሱ 20,000 ይላል። ለምን?

በሬሳ

የታወቀችው ወጥመድ! 20 በመቶው የተሰላው በወጪው ላይ እንጂ በመሸጫው ላይ አይደለም። ወጪው 100 ከሆነ መሸጫው 120 ነው። ስለዚህ ትርፉ 240,000 ሲባዛ በ20 ሲካፈል ለ120፤ ይህ 40,000 ነው። ግማሹ ስላልተሸጠ 20,000 ገና ያልተገኘ ትርፍ ነው። ከዕቃ ክምችቱ ላይ ይቀነሳል፣ ከእናት ድርጅቱ የተጠራቀመ ትርፍም ላይ ይቀነሳል። አንቺ 20 በመቶውን ከመሸጫው ላይ አሰላሽው። ጥያቄው «ከመሸጫው 20 በመቶ ትርፍ» ቢል ኖሮ 24,000 ልክ ነበርሽ።

ሻጩ ልጅ ድርጅቱ ቢሆን ግን የቅነሳው ድርሻ አናሳ ባለድርሻዎችንም ይነካል። ስለዚህ ጥያቄውን እንዳነበብሽ «ማን ለማን ሸጠ» የሚለውን አስምሪበት።

እና ላምበረት፣ ይኸውልህ! ኤፍ ኤን ተፈተኚ ያልኩት ለዚህ ነው።

ላምበረት

ኤፍ ኤን ሳትፈተን እዚሁ ተማረችው እኮ! በል ተወው፣ ውሳኔው የእሷ ነው።

ስለ ጉዞው ልንገርሽ። የፈተና ማዕከሉ አዲስ አበባ ነው። መንገዱ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሰላም ከሆነ ብዙ አይደለም። ግን ጠዋት ተነሥቼ እደርሳለሁ አትበዪ። ሸኖና ሰንዳፋ ላይ የምትቆሚው አይታወቅም፣ ለገጣፎ ከገባሽ በኋላ ደግሞ መኪና ለመኪና ነው። ከዋዜማው ገብተሽ ዘመድ ቤት እደሪ። ላምበረት መናኸሪያ ከወረድሽ በኋላ ማዕከሉን ያን ዕለቱን ሄደሽ አይተሽው ተመለሺ።

አርማኒያ

ክፍያውም አለ። በፓውንድ ነው፣ በካርድ። ባንክሽ ለውጭ ክፍያ የሚሆን ካርድ ይሰጥ እንደሆነ ከአሁኑ ጠይቂ፤ የምዝገባው ቀን ሲደርስ አይደለም። ለፈተና ቀደም ብሎ የሚመዘገብ ያነሰ ይከፍላል፣ የዘገየ ይቀጣል። ዓመታዊ መዋጮው ደግሞ በፈረንጆች አዲስ ዓመት ነው የሚከፈለው፣ በእኛ ታኅሣሥ 23 አካባቢ። ካልከፈልሽ ስምሽን ያነሡታል።

ጠባሴ (ጠያቂ)

እሺ፣ ገባኝ። ማስያውን አየሁት። መነሻዎቹን አንዴ ላስብባቸው እንጂ የየካቲቱን ኤፍ አር ይዣለሁ። ለመመዝገብ የትኛውን መታወቂያ ልጠቀም?

መሐል ሜዳ

ፓስፖርት ካለሽ ፓስፖርት። ዋናው ነገር የስምሽ የእንግሊዝኛ ፊደል ነው። ስትመዘገቢ የጻፍሽውና ፈተና ቀን የምታሳዪው መታወቂያ ላይ ያለው አንድ ዓይነት ይሁን፤ የአባትና የአያት ስም ጭምር። ዲግሪሽ ላይ ሌላ፣ መታወቂያሽ ላይ ሌላ ሆኖ ከሆነ ከመክፈልሽ በፊት አስተካክዪው።