የኦክስፎርድ ተማሪዎች ድምፅ ከእምነት ነበር ወይስ ከፖለቲካ?

የአውሮፓን ታሪክ ያጠናችሁ ወገኖች፣ እባካችሁ እርዱኝ። የመመረቂያ ጽሑፌ በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል በእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲዎች ስለነበረው የሞራልና የሃይማኖት ክርክር ነው፤ አሁን ግን አንድ ቦታ ላይ ቆሞብኛል።

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1933 የኦክስፎርድ ዩኒየን የክርክር ማኅበር «ይህ ጉባኤ በምንም ሁኔታ ለንጉሡና ለአገሩ አይዋጋም» የሚለውን ሐሳብ በ275 ድምፅ ለ153 አጸደቀ። ፈላስፋው ጆድ ሐሳቡን ደግፎ ተናግሯል። የፖለቲከኛው ዊንስተን ቸርችል ልጅ ራንዶልፍ ቸርችል ውሳኔውን ከመዝገብ ለማሰረዝ ቢሞክርም በ750 ለ138 ተሸነፈ።

ጭንቀቴ ይህ ነው፦ ቁጥሩ ምክንያቱን አይነግረኝም። ከደጋፊዎቹ ማን «አትግደል» የሚለውን ትእዛዝ አስቦ፣ ማን ሶሻሊዝምን አምኖ፣ ማንስ በ1914ቱ ጦርነት እልቂት ተመርሮ ድምፅ ሰጠ? አማካሪዬ ሁሉንም በአንድ ስም እንዳልጠቀልላቸው አሳስቦኛል፤ እኔም እስማማለሁ። ጣሊያን በ1935 ኢትዮጵያን ስትወር እነዚህ ወጣቶች ስለ ማዕቀብ ምን እንዳሉ ማወቅ እጅግ እፈልጋለሁ፤ ለእኛ የሩቅ ሰው ወሬ አይደለምና።

የዘመኑን የተማሪ ጋዜጦች፣ የክርስቲያን ተማሪዎች ንቅናቄን ጽሑፎች ወይም የግል ደብዳቤዎችን ከአዲስ አበባ ሆኜ በኢንተርኔት የማነብበት መንገድ ካለ ጠቁሙኝ።