ሠንጠረዡን በቃሌ ይዤ 300 ዶላር ተበላሁ፤ የቱ ጋ ነው የሳትኩት?

የሌሊት ሹፌር፦
ሰላም ቤቶች። ቬጋስ ታክሲ እነዳለሁ። ሰው ካዚኖ ሳመላልስ ከርሜ ባለፈው ቅዳሜ እኔም ገባሁ። ዝም ብዬ ግን አይደለም፣ የብላክጃኩን (21 ሳታልፍ ወደ 21 የምትጠጋበት የካርታ ጨዋታ) ቤዚክ ስትራቴጂ፣ ማለትም መቼ ካርታ እንደምትጨምር መቼ እንደምትቆም የሚነግርህን ሠንጠረዥ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ ተሳፋሪ እየጠበቅኩ ሸምድጄው ነው። የ15 ዶላር ጠረጴዛ ላይ አራት ሰዓት ተቀምጬ 300 ዶላር ተበልቼ ወጣሁ። 16 ይዤ ዲለሯ (ካርታ አዳይዋ) 10 አሳየች፤ ሠንጠረዡ ጨምር ስላለ ጨመርኩና ከ21 አለፍኩ። አጠገቤ ያለው ሰውዬ "የሷን ማቃጠያ ካርታ (ከ21 የሚያሳልፋትን) ወሰድክ" ብሎ ጮኸብኝ። ከዛ በኋላ ፈራሁ መሰለኝ፣ ኤስና 7 ይዤ ዲለሯ 9 ስታሳይ ቆምኩ (ኤስ 11 ሲቆጠር 18 ነው፣ አይበቃም እንዴ?)፣ ኢንሹራንስም (ዲለሯ ኤስ ስታሳይ ከሥር ያለው ካርታዋ 10 ነው ብሎ መወራረድ) ሁለቴ ገዛሁ። ነገሩ ይሠራል ወይስ ወሬ ነው?

ሂሳብ አይዋሽም፦
16 በ10 ላይ ከሁሉም የከፋው እጅ ነው። ብትጨምርም ብትቆምም በአማካይ ከእያንዳንዱ ዶላር 54 ሳንቲም ገደማ ትበላለህ፣ ልዩነቱ አንድ ሳንቲም እንኳን አይሞላም። ሰረንደር (እጅ መስጠት) የሚፈቅድ ጠረጴዛ ከሆነ የውርርድህን ግማሽ ሰጥተህ ውጣ። ሠንጠረዡ እኮ ታሸንፋለህ አላለህም፣ በትንሹ የምትበላበትን መንገድ ነው የሚያሳይህ። ሰውዬውን እርሳው፤ የወሰድካት ካርታ ዲለሯን የምታድን ልትሆንም ትችል ነበር፣ ያኔ ማን ያመሰግንሃል?
ኤስና 7 በ9 ላይ ግን ይጨመራል። አንድ ካርታ ስለጨመርክ አታልፍም፣ ኤሷ ከ11 ወርዳ 1 ትሆንልሃለች።
ኢንሹራንስ የሚያዋጣው ከሦስት አንዴ በላይ ከሥር 10 ከተገኘ ነው። ከ13ቱ የካርታ ዓይነት 10 የሚቆጠሩት አራት ብቻ ናቸው፣ አይደርስም። አትግዛ።

እቴጌ ዲለር፦
እኔ ሥራዬ ማደል ነው፣ ስንቱን አይቻለሁ። ወንድሜ፣ ከዚህ ሁሉ በፊት ጨርቁ ላይ የተጻፈውን አንብበሃል? 3 ለ 2 ነው ወይስ 6 ለ 5? በ15 ዶላር ብላክጃክ (የመጀመሪያ ሁለት ካርታህ ኤስና 10) ሲመጣልህ አንዱ 22 ከ50 ይከፍልሃል፣ ሌላው 18 ብቻ። ብላክጃክ ደግሞ በ21 ዙር አንዴ ያህል ነው የሚመጣው። በሰዓት 70 ዙር ብትጫወት ሦስት አካባቢ ያጋጥምሃል፣ በየሰዓቱ 13 ወይ 14 ዶላር ሳይታወቅህ ሄደ ማለት ነው። ሰው ስለ 16 እየተጨቃጨቀ ይሄን አያይም፣ ሁሌ ይገርመኛል። ጥሩ ሕግ ባለው ጠረጴዛ ሠንጠረዡን በትክክል የተከተለ ሰው ላይ የቤቱ ብልጫ (ካዚኖው ከውርርዱ በአማካይ የሚያስቀረው) ግማሽ በመቶ ገደማ ነው፤ 6 ለ 5 ሲሆን ወደ 2 በመቶ ይጠጋል።

ሜሪላንድ፦
ለጠቅላላ እውቀት፣ ሠንጠረዡን በ1956 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ያወጡት አራት የአሜሪካ ወታደሮች ናቸው፣ እዚሁ እኛ ጋ አበርዲን። በጠረጴዛ የሂሳብ ማሽን ብቻ! በኋላ በኮምፒውተር ሲፈተሽ ብዙም አልሳቱም።
ለማንኛውም ስትራቴጂ ያዝክም አልያዝክም ቤቱ ነው የሚበላው። 300 ዶላር ስንት ሰዓት የሚነዳበት ነው?

የሌሊት ሹፌር፦
@እቴጌ ትናንት ሰው ሳደርስ ሮጥ ብዬ ገብቼ አየሁት፣ 6 ለ 5 ነው 🤦 ግን እንደዛም ቢሆን 300 አይሞላም እኮ?

ሂሳብ አይዋሽም፦
አይሞላም። በአራት ሰዓት በአማካይ 80 ዶላር ገደማ ነው፣ ሌላው የቀኑ ዕድልህና የገዛሃቸው ኢንሹራንሶች ናቸው። 200 በልተህም ልትወጣ ትችል ነበር፣ ያኔ ይሄን ጥያቄ አትጠይቅም።

የሌሊት ሹፌር፦
ሃሃ እውነት ነው። 12 በ2 ላይስ? እሷንም ቆሜባታለሁ።

እቴጌ ዲለር፦
ጨምር። 12 ይዘህ የምትቆመው በ4፣ በ5 እና በ6 ላይ ብቻ ነው። ደግሞ መሸምደድህ ምን አደከመህ? ሠንጠረዡ ያለበት ካርድ የስጦታ ዕቃ ሱቅ ውስጥ ይሸጣል፣ ጠረጴዛው ላይ ይዘህ ብታይ ማንም አይቆጣህም። ስልክ ግን እንዳታወጣ።