በዘይት ቀለም ላይ ነጭ መቀባትና ሳሎኑን ማብራት

ጥያቄ፦ ወገኖች፣ ባለ አንድ መኝታ አሮጌ ኮንዶሚኒየም ነው። ሳሎኑ ጨለማ፣ ግድግዳው አረንጓዴ ዘይት ቀለም። ነጭ ፕላስቲክ ቀለም ብቀባበት ይይዛል? የሳሎንና የኩሽናውን ግድግዳስ ማፍረስ ይቻላል?

መልስ 1፦ ወንድሜ፣ እንዲሁ ከቀባኸው አይይዝም። ዘይት ቀለም ለስላሳና የማይመጥ ስለሆነ ነጩ በጥፍር ሲጫር እንደ ላስቲክ ተገፎ ይነሳል። መጀመሪያ ቅባቱን በኦሞ ውሃ እጠብ። ከዚያ በ120 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት አንጸባራቂነቱ እስኪጠፋ ፈግፍግ። አሮጌ ዘይት ቀለም እርሳስ (ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት) ሊኖረው ስለሚችል በደረቁ አታቡንነው፤ ውሃ የሚችለውን ወረቀት እያረጠብክ ሥራ፣ ልጆችን አርቅ። ሲደርቅ ለዘይት ቀለም የሚሆን ፕራይመር (ቀለሙ እንዲይዝ ቀድሞ የሚቀባ)፣ ቀጥሎ ሁለት እጅ ስስ ስቱኮ (የግድግዳ ማለስለሻ ልጥፍ)፣ በ220 ማለስለስ፣ በመጨረሻ ሁለት እጅ ነጭ። ስቱኮውን በአንድ ጊዜ ማወፈር ይሰነጥቀዋል።

መልስ 2፦ ስለ ግድግዳው፦ በኮለኖች (በቋሚ ምሰሶዎች) መካከል የተሞላ ብሎኬት ብዙውን ጊዜ ጭነት አይሸከምም፤ ኮለንና ቢም (አግዳሚው ተሸካሚ) ግን በፍጹም አይነካም። ፕላኑን ለመሐንዲስ ሳታሳይና ሳታስፈቅድ መዶሻ አታንሳ። የመብራት መስመርም በውስጡ ያልፋል፣ ብሬከሩን አጥፋ።

መልስ 3፦ የመጋረጃውን ዘንግ ከመስኮቱ በግራም በቀኝም 20 ሳንቲሜትር አሳልፈው፤ ሲከፈት ጨርቁ መስታወቱን አይጋርድም። አምፖል 4000 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ) ይበቃል፣ 6500ው ነጩን ግድግዳ ሰማያዊ ያስመስለዋል።