በ1973 አልፋ ሮሜዮ ከአዲስ አበባ ቁልቢ፦ እየነዳን እንሂድ ወይስ እናስጭናት?

የአልፋው ልጅ (ጠያቂ)፦
ሰላም ናችሁ ቤተሰብ። ምክር ፈልጌ ነው። የአባቴ አልፋ ሮሜዮ ስፓይደር አለች። 1973 ሞዴል፣ 2000 ሲሲ፣ ሁለት ካርቡራቶር ያላት። ብዙ ዓመት ቆማ ነበር፣ ሞተሯ አምና ተሠርቶ አሁን ከተማ ውስጥ ያለ ችግር ትሄዳለች። ቦሌ፣ ሲኤምሲ፣ አንዳንዴ ሱሉልታ ወጣ እንላለን፣ ከዚያ አልፈን አናውቅም። አባዬ ደግሞ ሞተሯ ከተነሣ በሷ ቁልቢ ገብርኤል እሄዳለሁ ብሎ ተስሏል፣ ስለዚህ ሌላ መኪና የሚባል ነገር የለም። ለታኅሣሥ 19 ቁልቢ፣ ከዚያ ድሬዳዋ ትንሽ አርፈን መመለስ ነው ሐሳቡ። አንዱ መካኒክ "አዋሽ ላይ ታፈላብሃለች፣ ቴርሞስታቱን አውልቀህ ጣለው" አለኝ፣ ውሃው እስኪሞቅ ወደ ራዲያተር የሚሄድበትን መንገድ የሚዘጋውን ማለቱ ነው። ሌላው ጄት (ካርቡራቶር ውስጥ ቤንዚን የሚያልፍባትን ባለቀዳዳ ቡሎን) ቀይር ይላል። አጎቴ በሎቤድ (መኪና በሚጭን ተሳቢ) አስጭናት ባይ ነው። ማንን ልስማ? ምንስ ይዤ ልሂድ?

ጋራዥ ቤት፦
ቴርሞስታቱን እንዳትጥለው! ይሄ እኛ አገር ለሁሉም በሽታ የሚታዘዝ መድኃኒት ሆኗል። ባይፓስ ቱቦ ባለው ሞተር ላይ ቴርሞስታቱ ሲወጣ የባይፓሱ መንገድ ክፍት ይቀራል፣ ከትኩሱ ውሃ የተወሰነው ራዲያተር ሳይደርስ ዞሮ ሞተር ውስጥ ይገባል። አቀዘቅዛለሁ ብለህ ታሞቃታለህ። ከተጠራጠርክ ፍታውና በፈላ ውሃ ድስት ውስጥ ክተተው። ሲከፈት በዓይንህ ካየህ መልሰህ እሰረው፣ ካልተከፈተ በአዲስ ቀይረው።

እኔ ብሆን መጀመሪያ የማየው የራዲያተሩን ክዳን ነው። አዲስ አበባ ላይ በተከፈተ ድስት ውስጥ ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ሞተርህ ከዚያ በላይ ሞቆም ሳይፈላ የሚሄደው ክዳኑ ግፊት ስለሚይዝለት ነው። ጎማው የደረቀ ክዳን ግን ምንም አይዝም። አዲስ ስትገዛ የግፊቱ ቁጥር ከፋብሪካው ጋር አንድ ይሁን፣ "ጠንከር ያለ ይሻላል" ብለው ከፍ ያለ እንዳይሸጡልህ፣ ያኔ የሚፈነዳው አሮጌው ቱቦ ነው።

ጋሽ ካንዴላ፦
ልጄ፣ ጄት ከመቀየርህ በፊት አሁን የገባው ምን እንደሆነ እይ። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ አየሯ ስስ ነው። ፋብሪካው ደግሞ መኪናዋን ያስተካከለው ለቆላ አየር ነው። የፋብሪካው ጄት ካለባት እዚህ ቤንዚን ይበዛባታል፣ ካንዴላዋ ይጠቁራል፣ ጭሷ ይሸታል። አዋሽ ስትወርድ ከ1,000 ሜትር በታች ነህ፣ አየሩ ይወፍራል፣ እንዲያውም ደስ ይላታል። አትንካት። ችግር የሚመጣው አንዱ ጎበዝ ነኝ ባይ "ለአዲስ አበባ" ብሎ አነስ ያለ ጄት ከቶባት ከሆነ ነው። ያኔ ቆላ ላይ ቤንዚን ያጥራታል፣ ትግላለች፣ ዳገት ላይ ቫልቭና ፒስተን ታቃጥላለች። ጄቱ ላይ ቁጥር ተቀርጿል። በማጉያ መነጽር አንብብ፣ አራቱም አንድ መሆናቸውን አረጋግጥ፣ ከመኪናዋ መጽሐፍ ጋር አመሳክር።

ሁለተኛው ታይሚንግ (ካንዴላው እሳት የሚሰጥበት ቅጽበት) ነው። ደጋ ላይ ጉልበት እንዲሰጥ ብለን ወደፊት እንገፋዋለን፣ እኔም አደርገዋለሁ። ቆላ ወርደህ ዳገት ስትጀምር ግን በጣሳ ውስጥ ጠጠር የሚናወጥ የሚመስል ድምፅ ከሰማህ እግርህን አንሳ፣ ማርሽ ቀንስ፣ ጥላ ፈልገህ ቁም። ዲስትሪቢዩተሩን (እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለውን) ለቀቅ አድርገህ ትንሽ ወደኋላ መልሰው። ከቤት ሳትወጣ በመርፌ ምልክት አድርግበት፣ የት እንደነበር ታውቃለህ። እኛ አገር ሱፐር ቤንዚን (ያለጊዜው የማይነደውን) ልቅዳ ብትል የሚቀዳልህ የለም፣ ስለዚህ ይህን ነገር በቀላሉ እንዳታየው።

ድሬ ልጅ፦
ወንድሜ መንገዱ ላይ ነው ያደግኩት፣ ልንገርህ። ሌሊት 11 ሰዓት ውጣ። ከቱሉ ዲምቱ አዳማ ፈጣን መንገዱ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ እሱ ላይ ሌሎች ቢያልፉህም አንተ 90 ላይ ጸንተህ ሂድ። ከአዳማ እስከ አዋሽ የጅቡቲ ተሳቢዎች አሉ፣ መቅደም አያስፈልግህም። መተሐራን ፀሐይ ሳይከር እለፋት። ከበሰቃ ሐይቅ በኋላ በፈንታሌ በኩል በ2017ቱ የመሬት መንቀጥቀጥ ጊዜ መንገዱ ተሰነጣጥቆ ነበር፣ አስፋልቱ የተለጠፈ ከመሰለህ ቀስ በል፣ ያቺ መኪና መሬት ለመሬት ናት። ግመልና ፍየል ደግሞ ክላክስ አይሰሙም። አዋሽ ላይ ተሳቢዎቹ ወደ ገዋኔ ይታጠፋሉ፣ አንተ ወደ ሚኤሶ ስትሄድ መንገዱ ይቀልልሃል። ከሚኤሶ አሰበ ተፈሪ ዳገት ነው፣ ከፊት ለፊት የጫት አይሱዙ ሲመጣ መንገዱ የሱ ነው፣ አትከራከር።

አሁን ዋናው። ታኅሣሥ 18 ቁልቢ እነዳለሁ ብለህ እንዳታስብ!! መኪና በመኪና ላይ ነው፣ ዳገት ላይ ለሰዓታት ቆመህ በእግር ፍጥነት ትሳባለህ። የትኛዋም አሮጌ መኪና የምትፈላው እዚያ ነው እንጂ አዋሽ ላይ አይደለም። ቀደም ብላችሁ 16 አካባቢ ግቡ፣ ወይ አሰበ ተፈሪ አሳድሯትና በሚኒባስ ውጡ።

የአልፋው ልጅ፦
አባዬን በሚኒባስ? ስለቱ በሷ ነው አልኩህ እኮ 😅 በ16 እንገባለን።

የቮልስ እመቤት፦
በቮልሴ ሐረር ደርሼ ተመልሻለሁ፣ ስለዚህ አይዞህ። እኔን ያስቸገረኝ ሞተር አልነበረም፣ ጥቃቅኑ ነው። ያንተም ፊውዞች እንደኔዎቹ ጫፋቸው ሾጠጥ ያለ ከሆኑ ሲዝጉ ሳይቃጠሉም መብራት ያጠፋሉ፣ አውጥተህ መያዣቸውን በብርጭቆ ወረቀት ሞርደው። ቺንጊያ፣ የእሳቱን ዕቃዎች (ፑንቲና፣ ኮንደንሰር፣ ቦቢና)፣ የቤንዚን ማጣሪያ፣ አንድ ሁለት ሜትር የቤንዚን ቱቦ ከነማሰሪያው ያዝ። ኮንደንሰሩን ከቤት ሳትወጣ አስረህ ሞክረው፣ አዲስ ተብሎ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ የሞተ ነው። ደረቅ ሳሙናም ያዝ፣ ታንከሩ ቢያፈስ ለጊዜው ይደፍንልሃል።

ጎማህን "ጥርሱ አለ" ብለህ እንዳትታለል። ጎኑ ላይ በአራት አኃዝ የተመረተበት ሳምንትና ዓመት ተጽፏል፣ 2312 ካለ የ2012 እ.ኤ.አ. 23ኛ ሳምንት ነው። ቆማ ከነበረች ጎማዋም አርጅቷል። ስኮርቱንም (ትርፍ ጎማውን) እይ፣ እሱን ሁሉም ይረሳዋል። ለቤንዚን ቴሌብርህ ላይ ብር ይኑር፣ በጀሪካን አይቀዱልህም፣ ግማሽ ሲሆን ሙላ።

ምሳ ከበላችሁ በኋላ አልነሣም ካለችህም አትደንግጥ። ቆላ ላይ ስትቆም ካርቡራቶር ውስጥ ያለው ቤንዚን በሙቀት ይተናል። ኮፈኑን ክፈትና ሻይ ጠጣ። ሞተሪኖውን እየደጋገምክ ባትሪ አትጨርስ።

ሰርቢስ 12፦
ሁላችሁም ታበረታታላችሁ፣ እኔ ከአጎትየው ጋር ነኝ። ቴስታታዋ (የሞተሯ ራስ) በሙቀት ቢጣመም ጓርኒሲዮን (ማሸጊያውን) ከየት ሊያመጣ ነው? ጣሊያን ያለ ዘመድ ካልላከለት ዓመት ትቆማለች። አስጭናት፣ ቁልቢ በር ላይ አውርዳት፣ አባትህ ከዚያ ይንዱ። ስለቱም ደረሰ፣ መኪናዋም ተረፈች።

ጋሽ ካንዴላ፦
ሰርቢስ፣ ሐሳብህ ባይከፋም ሎቤድ ላይ ስትወጣና ስትወርድ ኮፓዋን እንደምትመታ ረስተሃል። የዚህች መኪና የዘይት ኮፓ አሉሚኒየም ነው፣ ከሁሉም ዝቅ ብሎ የተንጠለጠለውም እሱ ነው። እኔ ከሙቀቱ ይልቅ የምፈራላት የየከተማውን ፍጥነት መቀነሻ ነው። ልጄ፣ ብሬከሩን በሰያፍ ውጣ፣ አንድ ጎማ በአንድ ጊዜ። ከኋላ ሻንጣ አታብዛ። የዘይት መብራት ከበራ ሞተሩን እዚያው አጥፋ፣ "ጋራዥ እስክደርስ" የሚባል ነገር የለም።

ከደንገጎ ወደ ድሬ ቁልቁለቱን በማርሽ ውረድ፣ ፍሬን አትመን። የፍሬን ዘይቱ የቆየ ከሆነ ውሃ ስቧል፣ ሲግል ይፈላና ፔዳሉ ወለል ይነካል። አስቀይረው። የአልፋ ሁለተኛ ማርሽ አመለኛ ነው፣ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት አስገባ እንጂ መሐል ላይ አትታገለው።

ጋራዥ ቤት፦
አንድ ነገር ልጨምር። ከመሄድህ በፊት በአንዱ እሁድ መተሐራ በጠራራ ፀሐይ ደርሰህ ተመለስ። የሚበላሽ ካለ እዚያ ይበላሽ፣ ለአዲስ አበባ ቅርብ ነህ። ከዚያ በኋላ የተገኘውን አስተካክልና እጅህን ሰብስብ። በመጨረሻው ሳምንት ምንም አታስፈታ፣ መንገድ ላይ የሚቆም መኪና ብዙ ጊዜ ትናንት ጋራዥ ያደረ ነው።

የአልፋው ልጅ፦
አመሰግናለሁ ሁላችሁንም። ቴርሞስታቱን ድስት ውስጥ ከተትኩት፣ ተከፍቷል፣ መልሰን አሰርነው። ጄቶቹ አራቱም የፋብሪካው ቁጥር ናቸው። ጎማዎቹ ግን ከእኔ ትንሽ ነው የሚያንሱት፣ አምስቱንም እቀይራለሁ። መተሐራ በሚቀጥለው እሁድ። ጋሽ፣ ለኮፓው ከሥር ላሜራ ባሠራለት ምን ይመስልዎታል?

ጋሽ ካንዴላ፦
አሠራለት፣ ግን ድፍን እንዳይሆን። ኮፓው የጎድን አጥንት የመሰለው ነፋስ እያገኘው ዘይቱን እንዲያቀዘቅዝ ነው፣ ብትሸፍነው ያለብህ ሙቀት ላይ ሙቀት ትጨምራለህ። ከፊት ነፋስ የሚገባበት ይተውለት። በዘይት ማፍሰሻው ቡሎን ልክም ይብሳው፣ አለዚያ ዘይት በቀየርክ ቁጥር ላሜራ ስትፈታ ልትውል ነው።