ደቢያን 2.2 ላይ ኬዲኢ ለምን የለም? ኤክስ ለምን አይነሳም?

ጥቁር_ስክሪን፦

ሰላም ለሁላችሁ። በ1990ዎቹ መጨረሻ የሊኑክስ ተጠቃሚዎችን ለሁለት የከፈሉትን ሁለት ዴስክቶፖች፣ ኬዲኢንና ግኖምን፣ ጎን ለጎን ለማየት ደቢያን 2.2 የሚባለውን የሊኑክስ ስርጭት (ዲስትሮ፣ ቅጽል ስሙ ፖታቶ) ኪውኤሙ በሚባለው የምናባዊ ማሽን ፕሮግራም ላይ ጫንኩ። ዲስኩ 2 ጊጋባይት፣ ሚሞሪው 128 ሜጋባይት ነው። ተከላው ያለ ችግር አለቀ፤ ከዚያ ወዲህ ግን ቆሜያለሁ።

ኤክስ (መስኮቶችን የሚያሳየው የግራፊክስ ሥርዓት) አይነሳም። ስክሪኑ ብልጭ ይልና «ምንም ስክሪን አልተገኘም» ብሎ ወደ ጥቁሩ ተርሚናል ይመልሰኛል። የቪዲዮ ካርዱን አልነካሁትም፣ ኪውኤሙ በራሱ የሰጠው ነው።

ሌላው፣ ግኖም ከነአጃቢው አለ፤ ኬዲኢ ግን ስሙም የለም። ዋናውን የፓኬጅ ክፍል ብቻ ሳይሆን ኮንትሪብና ነን-ፍሪ የሚባሉትንም ከፍቼ የፓኬጅ መጫኛውን አፕትን አድሻለሁ። ኬዲኢ 1.0 የወጣው በ1998 ነው። በ2000 የወጣ ደቢያን እንዴት አይዘውም? የተበላሸ ነገር ነው ያወረድኩት?

ምክንያቱ ፈቃድ ነው የሚሉም አሉ። እውነት ቁም ነገር ያለው ክርክር ነበር ወይስ «የኔ ዲስትሮ ይበልጣል» ዓይነት?

ሊሎ_21፦

ከኤክስ ልጀምር፣ እሱ ቶሎ ያልቃል። (ትእዛዞቹንና የፋይል ስሞቹን እዚህ በፊደል ነው የምጽፋቸው፤ ስትተይብ በላቲን ነው፣ ትልቅና ትንሹም ይለያል።)

ፖታቶ የያዘው ኤክስፍሪ86 3.3.6ን ነው። በ3.3 ዘመን ለየካርዱ ቤተሰብ የየራሱ ሰርቨር (ካርዱን የሚያንቀሳቅስ የኤክስ ፕሮግራም) ነበረው። ያገኘውን ካርድ ሁሉ የሚያንቀሳቅሰው የቬሳ ድራይቨር የመጣው በ4.x ትውልድ ነው። ስለዚህ የዛሬው ኪውኤሙ በራሱ የሚሰጥህ ካርድ ለ3.3.6 ባዳ ነው። ማሽኑን ዝጋና የቪጂኤውን ዓይነት «ሲረስ» አድርገህ አስነሳው። ይህ ሲረስ ሎጂክ 5446ን የሚመስል ካርድ ነው፣ 3.3.6 በደንብ ያውቀዋል። ከዚያ የኤስቪጂኤ ሰርቨሩን ፓኬጅ ጫንና የማስተካከያ ፕሮግራሙን፣ ኤክስኤፍ86ኮንፊግን፣ አስኪድ።

ጥያቄዎቹ ላይ የሚሳሳቱበት ቦታ ይታወቃል። አይጡ ፒኤስ/2 ነው፣ መሣሪያው ደግሞ ዴቭ ስር ያለው ፒኤስኦክስ ነው። ማይክሮሶፍት ሲሪያል ካልክ ኤክስ አይጥ አጣሁ ብሎ ይወጣል። ሞኒተሩ ላይ አግድሙን ከ31.5 እስከ 48.5 ኪሎኸርዝ፣ ቁመቱን ከ50 እስከ 90 ኸርዝ ስጠው። 800 በ600 በ60 ኸርዝ ወደ 37.9 ኪሎኸርዝ ይፈልጋል፤ 1024 በ768 ደግሞ 48.4 ገደማ፣ ስለዚህ ሁለቱም ይገባሉ። በእውነተኛ የመስታወት ሞኒተር ላይ ይህን ቁጥር በግምት መሙላት ሞኒተሩን ሊያቃጥል ይችል ነበር፤ ኪውኤሙ ላይ ግን ምንም አይመጣም።

ሲነሳ ቀለሙ የተጨማለቀ ከሆነ በ8 ቢት፣ ማለትም በ256 ቀለም ተነስቷል ማለት ነው። በስታርትኤክስ መጨረሻ ሁለት ሰረዝ አድርገህ ቢፒፒ 16 በለው፣ ወይም ስክሪን የሚለው ክፍል ውስጥ ዲፎልት ከለር ዴፕዝን 16 አድርግ። (ዴፕዝ የሚለው የትእዛዝ ቃል የ4.0 ነው፣ 3.3.6 አይገባውም።) መስኮት ስትጎትት ቁርጥራጭ እየተወ የሚሄድ ከሆነ ዲቫይስ የሚለው ክፍል ውስጥ ኖአክሴል የሚለውን አማራጭ ጨምር። ጠቋሚው ወደ ጥግ እየዘለለ የሚያስቸግርህ ከሆነ ጥፋቱ የጂፒኤም (ተርሚናል ላይ አይጥ የሚያሠራው ፕሮግራም) ነው፤ እሱና ኤክስ አንዱን አይጥ ይሻሙበታል። ጂፒኤምን አቁመው።

ኔትወርክ ካላገኘህ የካርዱን ሞዴል ኤንኢ2ኬ-ፒሲአይ አድርገው፣ ሞጁሉም ያው በዚሁ ስም ነው (ለኪውኤሙ ስትሰጠው ግን በሰረዙ ቦታ የታች ሰረዝ ነው)። በእጅ ስትሞላ አድራሻው 10.0.2.15፣ ጌትዌዩ 10.0.2.2፣ ዲኤንኤሱ 10.0.2.3 ነው።

የኬዲኢውን ነገር ለሚያውቅ ልተው።

አንቀጽ_ሦስት፦

ያወረድከው አልተበላሸም ወንድሜ። ኬዲኢ ፖታቶ ውስጥ የለም፤ ደቢያን በኦክቶበር 1998 ሆን ብሎ ነው ያወጣው። (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ ነው።)

ነገሩ ወዲህ ነው። ማቲያስ ኤትሪክ ኬዲኢን በኦክቶበር 14 ቀን 1996 ሲያስተዋውቅ መሠረቱ ያደረገው የኖርዌዩን ትሮልቴክ ኩባንያ ላይብረሪ (መስኮትና ቁልፍ ለመሥራት የሚያገለግል ዝግጁ ኮድ)፣ ኪውቲን ነበር። ያኔ ኪውቲ ለኤክስ በነጻ ይገኝ ነበር፣ ኮዱም ይታይ ነበር፣ ግን አሻሽለህ ያሻሻልከውን ማደል ክልክል ነበር። የኬዲኢ ፕሮግራሞች ደግሞ በብዛት በጂፒኤል (ኮዱን ማሻሻልና ማደል የሚፈቅድ፣ ግን በዚያው ውል እንድታድል የሚያስገድድ ፈቃድ) የወጡ ናቸው። የጂፒኤል ሁለተኛው እትም አንቀጽ 3 ፕሮግራሙን ኮምፓይል አድርገህ (ኮዱን ማሽን ወደሚያስኬደው ፋይል፣ ወደ ባይናሪ፣ ቀይረህ) ስትሰጥ አብሮት የተያያዘውን ሁሉ ኮድ በዚያው ውል ስጥ ይላል። ከኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ጋር የሚመጡ ላይብረሪዎችን ግን ነጻ ያወጣል።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆምና «ታዲያ ኪውቲም የሲስተሙ አካል ነው» ይላል። አንቀጹ ግን ይቀጥላል፦ ያ አካል ራሱ ከፕሮግራሙ ጋር አብሮ የሚታደል ካልሆነ በቀር። ደቢያን ኪውቲንና ኬዲኢን በአንድ ሲዲ፣ በአንድ ሰርቨር ነው የሚያድለው። ስለዚህ ነጻ የሚያወጣው ሐረግ ለማንም ቢሠራ ለደቢያን አይሠራም። ኮዱን ብቻ አውርዶ ቤቱ ኮምፓይል የሚያደርግ ሰው ምንም አልጣሰም፤ ችግሩ የተያያዘውን ባይናሪ ማደሉ ላይ ነው።

የኬዲኢ ሰዎች መልስ «ኮዱን የጻፍነው እኛ፣ ኪውቲን የጠራነው እኛ፤ ፈቅደናል ማለት ነው» የሚል ነበር። ለራሳቸው ኮድ ያስኬዳል፣ አንድ መስመር ተጨማሪ ፈቃድ ጽፎ ማስገባት ብቻ ነበር የቀረው። ነገር ግን ኬጎስትቪው (የኬዲኢ ሰነድ ማሳያ) የተሠራው ከጎስትቪው ኮድ ነው፤ የዚያን ባለቤት ፈቃድ ማን ጠየቀ? የሌላ ሰው የጂፒኤል ኮድ የገባበት ሁሉ እንዲሁ ነው።

ትሮልቴክ በ1998 መጨረሻ ኪውፒኤል የሚባል አዲስ ፈቃድ አመጣ፣ ኪውቲ 2.0ም በ1999 በእሱ ወጣ። ኪውፒኤል በደቢያን መመዘኛ ነጻ ፈቃድ ነው። ግን ለውጦችህን ከዋናው ኮድ ለይተህ በፓች መልክ አድል ይላል፤ ጂፒኤል ደግሞ ተጨማሪ ግዴታ አይቀበልም። ሁለቱም ነጻ ሆነው አንድ ላይ አይሄዱም። በመጨረሻ ሴፕቴምበር 4 ቀን 2000 ኪውቲ 2.2 በጂፒኤል እንደሚወጣ ታወጀ። ፖታቶ የወጣው ኦገስት 15 ቀን 2000፤ ሃያ ቀን ቀድሞ! ኬዲኢን በደቢያን የምታገኘው በሚቀጥለው እትም፣ በዉዲ ነው፤ እሱም ጁላይ 2002 ከኬዲኢ 2.2 ጋር ነው የወጣው።

ኮንሶል፦

አንቀጽ_ሦስት ሕጉን በትክክል አስቀምጦታል፣ ክርክሩን ግን ከሕጉ ብቻ ካየነው ግማሹ ይቀራል። ኬዲኢ 1.0 ከመውጣቱ ከአንድ ወር በፊት፣ በጁን 1998፣ የኬዲኢ ፍሪ ኪውቲ ፋውንዴሽን ተቋቁሟል። ውሉ ትሮልቴክ ለ12 ወር ነጻውን ኪውቲ ሳያወጣ ከቀረ ኪውቲ በቢኤስዲ ዓይነት (ለዝግ ፕሮግራምም የሚፈቅድ ልል) ፈቃድ ይለቀቃል የሚል ነው። «ኩባንያው ቢሸጥስ፣ ቢዘጋስ?» የሚለው ትልቁ ስጋት በዚሁ መልስ አግኝቷል። የቀረው የአንድ ሐረግ ትርጉም ነው፣ በዚያ የተነሳ ሰው የሚሠራ ዴስክቶፕ ሁለት ዓመት ተከለከለ። ግኖም 1.0 ማርች 1999 ሲወጣ በየደቂቃው የሚወድቅ ነበር፤ በዚያን ጊዜ ኬዲኢ 1.1 ተረጋግቶ እየሠራ ነው።

ከዚያም ኪውቲ ጂፒኤል ሆነ ተብሎ ሁሉም እፎይ ሲል የጂፒኤል ጸሐፊው ሪቻርድ ስቶልማን ተነስቶ፣ በአንቀጽ 4 መሠረት ቀድሞ የጣሰ መብቱን ስላጣ የሌላ ሰው ኮድ የተጠቀሙ ሁሉ ይቅርታ ይጠይቁ አለ። የድርጅቱን፣ የኤፍኤስኤፍን (ፍሪ ሶፍትዌር ፋውንዴሽን)፣ ኮድ በተመለከተ ይቅር ብለናል ብሎ ጨመረበት። ለብዙዎች ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነባቸው።

አንቀጽ_ሦስት፦

ጩኸቱ ዘግይቷል፣ እስማማለሁ። አንቀጽ 4 ግን የሚለው እንደዚያ ነው፤ መብቱ በራሱ ይቋረጣል፣ ተመልሶ የሚያገኝበትን መንገድ አይናገርም። በ2007 የወጣው ሦስተኛው እትም ጥሰቱን ላቆመ ሰው መብቱ የሚመለስበትን መንገድ የጨመረው ይህ ቀዳዳ ስለታየ ነው።

ፋውንዴሽኑም ቢሆን የሚጠብቀው ከነገ ነው። በዚያን ጊዜ ኪውቲ ውስጥ ስህተት ብታገኝ አርመህ ለሰው ማደል አትችልም ነበር፣ ትሮልቴክ እስኪያርመው ትጠብቅ ነበር። ለዲስትሮ ሠሪ፣ በተለይ የደኅንነት ስህተት ሲሆን፣ ይህ የሐረግ ጉዳይ አይደለም።

እዚህ ላይ የሚረሳ ነገር ልጨምር። ግኖም በኦገስት 1997 የተጀመረው ለነጻነት ተብሎ ነው። የቆመበት ጂቲኬ (የኪውቲ አቻ የሆነ ላይብረሪ) ግን ኤልጂፒኤል (ከጂፒኤል ላላ ያለ ፈቃድ) ስለሆነ የንግድ ሶፍትዌር ሠሪ ሳይከፍል ሊጠቀምበት ይችላል። ኪውቲ ጂፒኤል ከሆነ በኋላም ዝግ ፕሮግራም ለመሥራት ከትሮልቴክ ፈቃድ መግዛት እንደ ቀድሞው ግድ ነበር። ስለዚህ ሰንን የመሰሉ ኩባንያዎች ወደ ግኖም ሄዱ፤ የግኖም ፋውንዴሽን የታወጀው ፖታቶ በወጣበት ቀን፣ ኦገስት 15 ቀን 2000 ነው። ነጻነት ብሎ የተነሳው ወገን ለነጋዴው የተመቸ ሆኖ ተገኘ። ኪውቲ ኤልጂፒኤልን ያገኘው በ2009 ከ4.5 ጋር ነው።

በነገራችን ላይ በእንግሊዝኛው «ፍሪ» የሚለው ቃል ነጻነትንም ዋጋ አለመክፈልንም ስለሚል ነው በፌብሩዋሪ 1998 «ኦፕን ሶርስ» የሚል ስም የፈለጉለት። በአማርኛ «በ» የምትባል አንዲት ፊደል ትረዳናለች፦ ኪውቲ 1 በነጻ የተሰጠ ነው፣ ነጻ ግን አልነበረም።

ኮንሶል፦

«ነጻ ትምህርት» ስንልስ? ያው ነው። እኛም አናመልጥም። :)

ጥቁር_ስክሪን፦

ሲረስ አድርጌው ኤክስ ተነሳ፣ በ16 ቢት ቀለሙም ተስተካከለ። ሊሎ_21 እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ኬዲኢ 1ን ፖታቶ ላይ ራሴ ኮምፓይል ላድርግ ወይስ ሌላ ዲስትሮ ልጫን? ደግሞ በአማርኛ ሊጻፍበት ይችላል?

ሊሎ_21፦

ዓላማህ ማየት ብቻ ከሆነ ስላክዌር 7.0ን ጫን። ኦክቶበር 1999 የወጣ ነው፣ ኬዲኢ 1.1.2ንም ግኖምንም ይዟል፤ አንቀጽ 3ን ደቢያን ባነበበው መንገድ ያላነበበ ዲስትሮ ማለት ነው። (ከ4.0 ቀጥታ ወደ 7.0 የዘለለው ሌሎቹ በቁጥር ስለቀደሙት ብቻ ነው፤ 5 እና 6ን ፈልገህ እንዳትደክም።)

ሲዲውን ስታስነሳ ባር.አይ የሚለውን ከርነል (የሲስተሙን እምብርት) ምረጥ፣ የአይዲኢ ዲስክ የሚያውቀው እሱ ነው። በሩት (በአስተዳዳሪው ስም) ገብተህ በኤፍዲስክ 128 ሜጋባይት ስዋፕ (የሚሞሪ ማገዣ ቦታ፣ ዓይነቱ 82)፣ የቀረውን ለሊኑክስ (83) ክፈል፣ ከዚያ ሴትአፕን አስኪድ። የፓኬጅ ክፍሎቹን ስትመርጥ ተጠንቀቅ፦ «ኬ» የሚለው ፊደል ብቻውን ያለው የከርነል ሶርስ ነው፣ ኬዲኢ በሙሉ ስሙ ሌላ ቦታ ተቀምጧል። ግኖም ደግሞ «ጂቲኬ» በሚለው ስር ነው። ሲጨርስ ኤክስደብሊውኤምኮንፊግን አስኪደህ ኬዲኢን ምረጥ።

ስትነሳ «ኤልአይ» ብሎ ቆሞ ከቀረ የሊሎ (ሊኑክስን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ሁለተኛው ክፍል ተጭኗል፣ ግን መሥራት አልቻለም፤ የዲስኩን ጂኦሜትሪ ባዮሱና ሊሎ ለየብቻ አንብበውታል። ሊሎ.ኮንፍ ውስጥ ሊኒየር የሚል መስመር ጨምርና ሊሎን እንደገና አስኪደው። ፋይሉን አርሞ ሊሎን አለማስኬድ የተለመደ ስህተት ነው፤ ያለ እሱ ለውጡ ዲስኩ መጀመሪያ ላይ አይጻፍም። ዲስኩን 2 ጊጋ ማድረግህ ጥሩ ነው፣ ከ1024 ሲሊንደር (8.4 ቢሊዮን ባይት ገደማ) በላይ የተቀመጠ ከርነል ለድሮ ሊሎ አይታየውም።

ፖታቶ ላይ ኮምፓይል ማድረግ ከፈለግክ ቅደም ተከተሉ ኪውቲ 1.44፣ ኬዲኢሰፖርት፣ ኬዲኢሊብስ፣ ኬዲኢቤዝ ነው። ኪውቲዲርና ኬዲኢዲር የሚባሉትን ተለዋዋጮች ሳታዘጋጅ ኮንፊገርን አትጀምር። ኬዲኢ 1 ከኪውቲ 2 ጋር አይሠራም፤ የኪውቲ 2 ሄደር ወይም ሞክ የሚባለው መሣሪያው በመንገዱ ካለ ግራ የሚያጋባ የስህተት ጎርፍ ታያለህ። በመጨረሻ የኬዲኢን የላይብረሪ ፎልደር ኤልዲ.ኤስኦ.ኮንፍ ውስጥ ጽፈህ ኤልዲኮንፊግን አስኪድ፤ ካለዚያ ሁሉም ፕሮግራም ላይብረሪ አጣሁ ይላል።

ግዕዝ_1200፦

አማርኛውን በተመለከተ፣ ኬዲኢ 1 ላይ አይሆንም። የኪውቲ 1 ጽሑፍ መያዣ 8 ቢት ነው፣ ማለትም 256 ቦታ ብቻ፤ የኛ ፊደል ብቻውን ከዚያ ይበልጣል። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 በ3.0 እትም ነው፣ ከ1200 እስከ 137ኤፍ ባለው ቦታ። ኪውቲም የውስጥ ጽሑፉን ወደ ዩኒኮድ የቀየረው በዚያው ዓመት በ2.0 ነው።

ስለዚህ ቢያንስ ኬዲኢ 2 ያስፈልግሃል፣ ያም ቢሆን ፊደሉ ያለበት ፎንት ራስህ መጨመር አለብህ። መተየብ ከፈለግክ ግን ጂቲኬ 2 ያለበት ዲስትሮ ይሻልሃል። አብሮት «አምሃሪክ ኢዜድ+» የሚባል የአማርኛ መጻፊያ ይመጣል፤ ጽሑፍ ሳጥን ላይ በቀኝ ጠቅ አድርገህ ኢንፑት ሜተድስ ከሚለው ውስጥ ትመርጠዋለህ። ፎንት ከሌለህ ግን በፊደሎቹ ምትክ ቁጥር ያለባቸው ትንንሽ ሳጥኖች ነው የምታየው፤ ያኔ መጻፊያው ተበላሸ ብለህ አታራግፈው፣ ቁጥሩ በ12 ወይም በ13 ከጀመረ በትክክል እየጻፈ ነው።