የፒንክ ፍሎይድ የ50ኛ ዓመት ሸክላ ከነማጫወቻው ከአሜሪካ ሊመጣልኝ ነው፤ ምን ልጠንቀቅ?

ሮክ በሽምብጥ
ሰላም ቤቶች። አጎቴ ለጥምቀት ከአሜሪካ ሲመጣ «ዳርክ ሳይድ ኦፍ ዘ ሙን»ን ሊያመጣልኝ ነው፤ የ50ኛ ዓመቱን እትም። ትልቁ ሳጥን ይሻላል ወይስ ሸክላው ለብቻው? ማጫወቻውንስ እዚያው ቢገዛው ባሕር ዳር ይሠራል? ቤታችን ለጣና ቅርብ ስለሆነ የክረምቱ እርጥበትም አሳስቦኛል።

ታንኳ
ሸክላውን ለብቻው ያዝ። ሳጥኑ ውስጥ ያለው ባለ 12 ኢንች ሸክላ ሁለት ብቻ ነው፦ አልበሙና በ1974 ዌምብሊ የተቀዳው ኮንሰርት። የቀረው ሲዲ፣ ብሉሬይ፣ መጽሐፍ ምናምን ነው፤ የአጎትህን ኪሎ ይበላል። አልበሙ በዚያው በ2023ቱ ሪማስተር (ያለቀው ቅጂ ድምፁ ዳግም ተስተካክሎ) ለብቻውም ወጥቷል።

«50ኛ ዓመት» የሚለው ተለጣፊ ግን በየአልበሙ ትርጉሙ ይለያያል። ይኼኛው ሪማስተር ነው፤ ጄምስ ገትሪ ሠራው እንጂ የ1973ቱ ሚክስ (የድምፆቹ ቅይጥ) አልተነካም። የቢትልስ «አቢ ሮድ» የ2019 እትም ግን ሪሚክስ ነው፤ ጃይልስ ማርቲንና ሳም ኦኬል ከዋናዎቹ ቴፖች ተነስተው ድምፆቹን እንደ አዲስ ቀይጠዋቸዋል። የለመደውን ድምፅ የሚፈልግ ሰው ይናደድበታል። «180 ግራም» ለሚለው ደግሞ ብር አትጨምር፤ ውፍረት ነው፣ ጥራት አይደለም። «ሃፍ ስፒድ» ካለም የተቀረጸው በግማሽ ፍጥነት ነው ማለት ነው፤ የሚጫወተው እንደ ሌላው ነው።

ኧርዝ የሌለው
ጉዱ ያለው ማጫወቻው ላይ ነው። ሰው ሁሉ ቮልቱን ብቻ ያያል። ትራንስፎርመር 220ውን ወደ 120 ያወርደዋል፤ ኸርዙን (ኤሌክትሪኩ በሰከንድ የሚመላለስበትን ብዛት) ግን አይነካውም። አሜሪካ 60 ነው፣ እኛ 50። በቀጥታ በግድግዳው ኤሌክትሪክ (በኤሲ) የሚሠራ የቆየ ሞተር ፍጥነቱን የሚወስደው ከመስመሩ ኸርዝ ስለሆነ በደቂቃ 33⅓ ዙር መሆን የነበረበት 27.8 ይሆናል። ድምፁ ሦስት ሴሚቶን (ግማሽ ድምፅ) ያህል ይወርዳል፤ ዘፋኙ እንቅልፍ የመጣበት ይመስላል። መውጫው 1.2 እጥፍ የሰፋ ፑሊ (ሞተሩ ላይ ያለችው መዘውር) ነው፣ እሱም በቀላሉ አይገኝም።

ስለዚህ በዲሲ አዳፕተር የሚሠራ ይግዛ። ከመክፈሉ በፊት የአዳፕተሩን ጽሑፍ ፎቶ አንስቶ ይላክልህ፤ «100-240 ቮልት፣ 50/60 ኸርዝ» ካለ ጨርሰሃል። ሲደርስ ፕላተሩ (ሸክላው የሚቀመጥበት ዟሪ ሳህን) ጠርዝ ላይ ብጣሽ ወረቀት ለጥፈህ ቁጠር፦ በ3 ደቂቃ ልክ 100 ዙር።

ሻንጣ መሳዩን ርካሽ ማጫወቻ ተወው፤ የመርፌው ጫና ከባድ ነው። የኦዲዮ ቴክኒካ ቪኤም95ኢ ካርትሪጅ (መርፌውን የሚይዘው ክፍል) 2 ግራም ይበቃዋል። አንቲ ስኬቱን (ክንዱ ወደ መሐል እንዳይሳብ የሚይዘውን ማስተካከያ) ዜሮ አድርገህ ክንዱ አየር ላይ አግድም እስኪቆም ከክንዱ ጀርባ ያለውን ክብደት አስተካክል፣ የቁጥር ቀለበቷን ብቻ ዜሮ ላይ አምጣ፣ ከዚያ ክብደቱን ከነቀለበቷ እስከ 2 አዙር፤ አንቲ ስኬቱንም 2 አድርግ። ሸክላው እንዳይጎዳ ብለህ 1 ግራም ላይ እንዳታደርገው፤ መርፌው እየዘለለ ይብስ ይጎዳዋል።

አምፕሊፋየርህ ፎኖ (ከመርፌው የሚመጣውን ደካማ ድምፅ የሚያጎላ ክፍል) ከሌለው ፎኖ በውስጡ ያለው ማጫወቻ ይሁን። ሁለቱም ካላቸው የአንዱን ብቻ ተጠቀም፤ ሁለቱ ከተደራረቡ ድምፁ ይፈርጣል።

ዓባይ ማዶ
እርጥበቱን በተመለከተ፣ ሻጋታው የሚጀምረው ከወረቀቱ ነው። የውስጡን የወረቀት ከረጢት አውጥተህ በፖሊኤትሊን ቀይረው፤ የፒቪሲ ላስቲክ ግን አይሁን፣ ሸክላው ላይ ጭጋግ የመሰለ ነገር ይተዋል። ፋብሪካው የጠቀለለበትን ላስቲክም ቅደደው፤ እየተኮማተረ ከቨሩን ያጎብጣል። ሸክላውን አቁመህ፣ ከወለል ከፍ፣ ከግድግዳ ፈቀቅ አድርገህ አስቀምጥ። አጎትህ በእጅ ሻንጣ ይያዘው። ከአዲስ አበባ በመኪና ከመጣም ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ አይቆይ፤ 60 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መጣመም ይጀምራል።

ሮክ በሽምብጥ
እግዜር ይስጥልኝ። በፋርማሲ አልኮል መወልወል ይቻላል?

ዓባይ ማዶ
ለብቻው አይሆንም፤ ሳኒታይዘር ጄልማ ጭራሽ አይነካው፣ ግሊሰሪኑ መስመሩ ውስጥ ይቀራል። ለአቧራ ደረቅ የካርቦን ክር የሸክላ ብሩሽ ይበቃል። ለጣት አሻራ ዲስትልድ ውሃና ሁለት ጠብታ የዕቃ ሳሙና፣ ከዚያ በንጹሕ ዲስትልድ ውሃ ማለቅለቅ። መለዋወጫ ሱቅ ገብተህ «የባትሪ ውሃ» ብቻ ብትል ግን አሲዱን ሊሰጡህ ይችላሉ፤ ጠርሙሱን አንብብ። መሐል ያለው ወረቀት እንዳይረጥብ፤ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅም መርፌ አታሳርፍበት።