በበረዶ ወራት ተራራ ላይ ሰው ቢጠፋ ፍለጋው እንዴት ይካሄዳል?

የኦሮራው ነዋሪ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። የእኅቴ ልጅ በዚህ በረዶ ከጓደኞቹ ጋር ከዴንቨር በስተምዕራብ ወዳሉት ተራሮች በእግር መውጣት ጀምሯል፤ እናቱም እንቅልፍ አጥታለች። እመለሳለሁ ባለበት ሰዓት ባይመለስ ለማን እንደምንደውል፣ አንዳንዶች እንደሚሉት ሃያ አራት ሰዓት መጠበቅ ግድ እንደሆነ፣ ሄሊኮፕተር ቢነሣ ወጪው በቤተሰብ ላይ ይወድቅ እንደሆነ፣ ዘመድ ሰብስበን ራሳችን ብንፈልገውስ ይጠቅም እንደሆነ የምታውቁ ብትመልሱልኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

የተራራ ፍለጋ በጎ ፈቃደኛ፦
ሃያ አራት ሰዓት ጠብቁ የሚል ሕግ የለም፤ እመለሳለሁ ያለበት ሰዓት ካለፈና ስልኩ ካልተነሣ ወደ አደጋ ጊዜ ስልክ ቁጥር 911 ይደውሉ። በኮሎራዶ የፍለጋው ኃላፊነት በሕግ የየካውንቲው (የየአውራጃው) ሸሪፍ፣ ማለትም የፖሊስ ኃላፊ፣ ሲሆን፣ ተራራውን የሚወጡት ግን በአብዛኛው ያለ ደመወዝ የሚሠሩ በጎ ፈቃደኞች ስለሆኑ ለፍለጋውም ሆነ ለማዳኑ ቤተሰብን አያስከፍሉም። ከተገኘ በኋላ ወደ ሆስፒታል የሚወስደው አምቡላንስ ወይም የሕክምና ሄሊኮፕተር ሒሳብ ለብቻው ነው። እንደ ኒው ሃምፕሸር ያሉ ግዛቶች በቸልተኝነት የጠፋን ሰው ማስከፈል ስለሚችሉ፣ የዚያው ወሬ እዚህም ሰውን ሲያስፈራ አያለሁ።

ቡድኑ በመጀመሪያ የሚፈልገው መኪናው የቆመበትን ቦታ ነው። ከዚያ ጥቂት ፈጣን ሰዎች ልጁ ሊሄድበት በሚችለው መንገድ ሲገቡ ሌሎች መውጫዎቹን ይጠብቃሉ። አዲስ በረዶ ላይ የታተመ ዱካ ትልቅ ሀብት ነው፤ ንፋስ ግን በጥቂት ሰዓት ይደፍነዋል፣ ዘመድ ተሰብስቦ ሲረግጠውም ይበላሻል፤ የበረዶ ናዳውም አለ። ይልቅ ፎቶውን፣ የጃኬቱን ቀለም፣ የጫማውን ሶል ዓይነት፣ ሽታ ተከትሎ ለሚፈልገው ውሻም ማንም ያልነካካውን ያልታጠበ ካልሲውን በንጹሕ ከረጢት ያዘጋጁ። ባትሪው እንዳያልቅበትም ደጋግመው አይደውሉለት።

ከፖርትላንድ፦
እ.ኤ.አ. በ2006 ኖቬምበር መጨረሻ በኦሬገን ተራሮች መንገድ ስተው በረዶ የያዛቸው ቤተሰቦች ጉዳይ ከጥያቄዎ ጋር ይገናኛል። ወላጆችና ሁለት ትንንሽ ሴት ልጆቻቸው ለመሞቅ የመኪናውን ጎማ ሳይቀር እያነደዱ ለቀናት ቆዩ። የስልክ ኩባንያ መሐንዲሶች ስልካቸው ለአፍታ ከአንድ የስልክ ማማ ጋር መገናኘቱን ከመዝገብ አግኝተው የፍለጋውን ክልል አጠበቡት፤ እናትየውና ልጆቹም ዲሴምበር 4 ቀን መኪናው አጠገብ ከሄሊኮፕተር ታይተው ተረፉ። አባትየው ግን ከሁለት ቀን በፊት እርዳታ ፍለጋ በእግሩ ወጥቶ ስለነበር አስከሬኑ ዲሴምበር 6 ቀን ከአንድ ወንዝ ሸለቆ ተገኘ። ከሰማይ ለሚፈልግ ሰው መኪና ከእግረኛ ይልቅ ይታያል። ያገኛቸው ፓይለት በፍለጋው ያልተመደበ፣ አገሩን የሚያውቅ ግለሰብ ነበርና ዘመድ ራሱ ወጥቶ አይፈልግ የሚለው ከላይ የተሰጠው ምክር አካባቢውን ለማያውቅ ሰው ነው ብዬ እወስደዋለሁ።

ነርሷ፦
ከሕክምናው ወገን አንድ ነገር ልጨምር። የሰውነት ሙቀት ከ35 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲወርድ ሃሳብ ይደበዝዛል፤ እየባሰ ሲሄድ መንቀጥቀጡ ይቆማል፣ አንዳንዱም ሞቀኝ ብሎ ልብሱን ያወልቃል። ስለዚህ ፈላጊ ሜዳ ላይ የተጣለ ጃኬት ቢያገኝ ባለቤቱ ቅርብ ሊሆን ይችላል። በብርድ የደረቀን ሰው ሳያሞቁ ሞቷል ማለትም አይገባም፤ በ1999 በኖርዌይ ከበረዶ ሥር የወጣች ሐኪም ሙቀቷ እስከ 13.7 ዲግሪ ወርዶ ሳለ ድናለች። ሲያነሡት ግን በቀስታ ይሁን፤ መናጥ ልብን ሊያቆም ይችላል።

የኦሮራው ነዋሪ (ጠያቂ)፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ኔትወርክ በሌለበትስ ስልኩ ይረዳዋል?

የተራራ ፍለጋ በጎ ፈቃደኛ፦
የእሱ ኩባንያ ኔትወርክ ባይኖርም የ911 ጥሪ በሌላ ኩባንያ ማማ ሊያልፍ ይችላል። ምንም ማማ ከሌለ አይፎን 14ና ከዚያ ወዲህ የወጡት በሳተላይት የአደጋ መልእክት ይልካሉ፤ ሆኖም ሰማዩ ገለጥ ያለ ቦታ መቆም ይኖርበታል። ብርድ ባትሪ ስለሚያደክም ስልኩን ከውስጥ ልብሱ ሥር ይያዘው።